የራስን የፋይል ማጋሪያ በኮንቴይነር ክላስተር ላይ መትከል፦ ለሰሜን ሸዋ መሥሪያ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

እኔ በማውቃቸው የደብረ ብርሃን መሥሪያ ቤቶች ፋይል ዛሬም የሚጓዘው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ነው። ሪፖርቱ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ በስልክ ይላካል፤ ዞን ላይ ያለው ባለሙያ አውርዶ ያርመዋል፤ መልሶ ይልካል። ሳምንት ሲያልፍ ከአራቱ ቅጂዎች የትኛው የጸደቀው እንደሆነ የሚናገር ሰው አይገኝም። መዝገብ ቤቱ የወረቀቱን ሥርዓት ከዚህ በተሻለ ሁኔታ ይይዛል፤ ቢያንስ እያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥር አለው።

ከዚያ አንድ ቀን ኃላፊው «የራሳችን ሰርቨር ይኑረን» ይላል። የአይሲቲ ባለሙያው መፈለግ ሲጀምር ግራ ይጋባል። ከፋይል ማጋሪያ ፕሮግራሞች ኔክስትክላውድ ይሻላል ሲፋይል? ኩበርኔትስ ያስፈልጋል ወይስ አንድ ማሽን ይበቃል? አቅራቢው በፕሮፎርማው ላይ ሁሉንም በአንድ መስመር ጽፎ ይልከዋል። እዚህ ላይ ግን የተደበላለቁ 3 የተለያዩ ምርጫዎች አሉ፦ ሠራተኛው በዓይኑ የሚያየው ፕሮግራም፣ ፕሮግራሙን የሚያንቀሳቅሰው ክላስተርና ፋይሉ የሚያርፍበት ዲስክ። አብዛኛው ሰው ስለሚታየው ሲል ከፕሮግራሙ ይጀምራል። እኔ ከዲስኩ መጀመር አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ፦ ኮንቴይነር ማለት ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ታሽጎ በየትኛውም ማሽን ላይ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲነሳ የሚያደርግ አሠራር ነው። ክላስተር ደግሞ በርካታ ማሽኖች ተባብረው እነዚህን ኮንቴይነሮች የሚያስተዳድሩበት ስብስብ ነው። በዚህ ሥራ የታወቀው ኩበርኔትስ ሲሆን፣ ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ክፍት ሶፍትዌር ነው።

## መመዘኛዎቹ

በውጭ አገር የሚጻፉ ንጽጽሮች ስለ ፍጥነትና ስለ ተጠቃሚ ብዛት ያወራሉ። የእኛ መመዘኛ ከመብራት መጀመር አለበት። መብራት ሲሄድ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ በዚህ የሚያከራክር ነገር የለም። ጥያቄው መብራቱ ሲመለስ የሚሆነው ነው። ማሽኖቹና ስዊቹ (ማሽኖቹን በኔትወርክ የሚያገናኘው መሣሪያ) በተለያየ ሰዓት ይነሳሉ፤ ዳታቤዙ ጽሑፉን ሳይጨርስ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ መብራቱ ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ጥሩ አሠራር ማለት ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄዶ ቢመለስ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይነካው ሥራ ላይ የሚገኝ ነው።

ሁለተኛው የውጭው መስመር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ መቋረጡ ለወራት ዘልቋል። ሰነዱን በሙሉ ውጭ አገር ባለ አገልግሎት ላይ ያስቀመጠ ሰው ያኔ ምን እንደገጠመው ያውቃል። ሰርቨሩ ሕንፃው ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ሠራተኛው በውስጥ ኔትወርክ ይሠራል መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ክላስተር በድብቅ ከውጭ የሚፈልጋቸው ነገሮች አሉት። አንደኛው የኮንቴይነሩ ምስል፣ ማለትም የታሸገው የፕሮግራሙ ጥቅል ነው፦ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ያ ማሽን ምስሉን ከዚህ በፊት ካላወረደው ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ አገልግሎቱም አይነሳም። ሌላው ብራውዘር ሰርቨሩን የሚያምንበት የደኅንነት ምስክር ወረቀት ነው፦ በነፃ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ምስክር ወረቀት ለ90 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል ከ3 ወር በላይ መስመር ከጠፋ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ብራውዘር ማስጠንቀቂያ ማውጣት ይጀምራል። የማሽኑ ሰዓትም አለ። የእናት ሰሌዳው ባትሪ የሞተበት አሮጌ ኮምፒውተር መብራት በተመለሰ ቁጥር የዓመታት ያለፈ ቀን ይዞ ይነሳል፤ ቀኑ የተሳሳተ ማሽን ደግሞ ክላስተሩ ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛው፦ ፕሮግራሙ ቢበላሽ ፋይሎቻችሁን ያለ እርሱ ማውጣት ትችላላችሁ? ይህን ጥያቄ ለአቅራቢ ሳቀርብ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ዝምታ ነው።

አራተኛው ቀጭን መስመር ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ዋና ቢሮና ዓለም ከተማ ያለው ቅርንጫፍ በሞባይል ኢንተርኔት ሲገናኙ፣ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 40 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለመላክ 160 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ያንን ፋይል በቀን አምስት ጊዜ እያረመ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው ሙሉውን ይልካል ወይስ የተለወጠውን ብቻ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

አምስተኛው አማርኛችን ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም የውጭ ጸሐፊ አይነግራችሁም። ሰርቨሩ በሚሠራበት በሊኑክስ የፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል 3 ይወስዳል፤ ስለዚህ ጣሪያችን 85 ፊደል ነው። «የ2017 በጀት ዓመት የሦስተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ለዞን የተላከ የታረመ የመጨረሻ» የሚለውን የተለመደ ስም ብትቆጥሩት ከነቅጥያው ወደ 160 ባይት ይጠጋል። ይህ ከ255 በታች ቢሆንም፣ የፋይል ስምን ጭምር የሚመሠጥሩ አንዳንድ ማከማቻዎች ጣሪያውን ወደ 143 ያወርዱታል፤ ያኔ ይህ ሪፖርት አይቀመጥም። ሌላው የፊደል ቅርጽ ነው፦ ሰነድን በብራውዘር የሚከፍቱት እንደ ኮላቦራና ኦንሊኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙት ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ፎንት እንጂ በሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ያለውን አይደለም። የግዕዝ ፎንት ካልተጨመረበት ባዶ ሣጥን ታያላችሁ። ከዩኒኮድ (ዛሬ ከምንጠቀምበት የጋራ የፊደል አሠራር) በፊት በነበሩት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችማ ያለ ራሳቸው ፎንት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነው ይወጣሉ። ፍለጋም ላይ «ዓመት» ብሎ የጻፈው ሰው «አመት» ተብሎ የተቀመጠውን አያገኝም፤ ስለዚህ የስም አሰጣጥ ደንብ ከመትከሉ በፊት ይውጣ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፦ ማን ይጠብቀዋል? ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ትርቃለች፤ ጥሩ ባለሙያም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የተከለው ሰው ሲለቅ ቀጣዩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊረዳው የማይችል ሥርዓት ለእናንተ አይሆንም።

## ማከማቻው

ኩበርኔትስ ፕሮግራም ሲወድቅ ያነሳል፤ የጠፋ ፋይል ግን አይመልስም። ፋይል ማጋሪያ ሲተከል አደጋው ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልያዘው።

ቀላሉ መንገድ ዲስኩ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ማሽን ላይ መሆኑ ነው። ፈጣን ነው፣ ዳታቤዝ ይወደዋል፣ ብልሽት ሲኖር የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ማሽኑ ሲሞት ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ቢዛወር እንኳ ፋይሉ አብሮት አይሄድም።

ሁለተኛው መንገድ አንድ የማከማቻ ማሽን አቁሞ ሌሎቹ ኤንኤፍኤስ በሚባለው ዲስክን በኔትወርክ የማጋሪያ ስልት እንዲጋሩት ማድረግ ነው። ርካሽና የታወቀ አሠራር ነው። ነገር ግን ሦስት ማሽን ክላስተር አቁሞ ሁሉንም በአንድ ኤንኤፍኤስ ላይ የሚያሳርፍ ሰው አስተማማኝነት ገዝቻለሁ ብሎ እንዳይሸወድ፤ ያ አንዱ ሲወድቅ ሦስቱም ሥራ ፈት ናቸው። ዳታቤዝን ደግሞ በኤንኤፍኤስ ላይ አታስቀምጡ። በተለይ ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሹ ዳታቤዝ የሚተማመንበት የፋይል መቆለፊያ በዚህ ኔትወርክ ላይ ብዙ ጊዜ በትክክል ስለማይሠራ ሊበላሽ ይችላል።

ሦስተኛው ሎንግሆርን የሚባለው ለኩበርኔትስ የተሠራ ማከማቻ ነው። የእያንዳንዱን ጥራዝ (ለአንድ ፕሮግራም የተመደበ የዲስክ ክፍል) ቅጂ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ያስቀምጣል፤ መነሻው 3 ቅጂ ነው። 1 ቴራባይት ሰነድ 3 ቴራባይት ዲስክ ይበላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ በኔትወርክ አልፎ ወደ ሌሎቹ ስለሚደርስ የቆየ ባለ100 ሜጋቢት ስዊች ካላችሁ አትሞክሩት፤ ባለጊጋቢት ስዊች ትንሹ መስፈርት ነው። መብራት ከተመለሰ በኋላ ቅጂዎቹ እርስ በርስ እስኪመሳሰሉ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። በተደጋጋሚ በሚቆራረጥ መብራት ይህ መመሳሰል ሳያልቅ እንደገና ይጀመራል፤ የእኔ ትልቁ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው።

ሴፍ የሚባለውን ሌላ ባለብዙ ማሽን ማከማቻ ለዚህ ዓይነት ሥራ አልመክርም። እያንዳንዱ ዲስክ ብቻውን 4 ጊጋባይት ሜሞሪ እንዲያዝለት ነው መነሻው፤ የሚያስተዳድረውም ባለሙያ ሌላ ሥራ ባይኖረው ይመረጣል።

የትኛውንም ብትመርጡ ቅጂ ማባዛትና መጠባበቂያ መያዝ አንድ አይደሉም። ሠራተኛው በስህተት አንድ ፎልደር ሲሰርዝ ከሦስቱም ቅጂዎች በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባም ሦስቱም ይቆለፋሉ። ስለዚህ እንደ ሬስቲክ ባለ መሣሪያ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሄድ መጠባበቂያ ይኑር። ዳታቤዙና ፋይሎቹ በአንድ ሰዓት የተያዙ መሆን አለባቸው። የማክሰኞ ዳታቤዝ ከዓርብ ፋይሎች ጋር አይገጥምም።

## ክላስተሩ

አንድ ማሽንና ዶከር ኮምፖዝ። ዶከር ኮምፖዝ በአንድ ማሽን ላይ ኮንቴይነሮችን የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። ይህ ክላስተር አይደለም፤ ሆኖም በንጽጽሩ ውስጥ መኖር አለበት፣ ለብዙዎች ትክክለኛው መልስ ይህ ነውና። አንድ የጽሑፍ ፋይል ሁሉንም ይገልጻል፣ አዲስ ባለሙያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይረዳዋል።

አንድ ማሽንና ኬ3ኤስ። ኬ3ኤስ ቀለል ተደርጎ የተዘጋጀ ኩበርኔትስ ነው፤ ዋናው ማሽን ቢያንስ 2 ኮርና 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ፕሮግራሞቹ የሚያስፈልጋቸው በላዩ ይጨመራል። የዚህ አማራጭ ጥቅም አስተማማኝነቱ አይደለም፤ ዛሬ የተጻፈው ውቅር ነገ ማሽን ሲጨመር ብዙም ሳይለወጥ ማገልገሉ ነው። ኢንተርኔት የሌለበትን ሁኔታም አስቦበታል፦ የምስሎቹን ፋይል አስቀድማችሁ በተመደበላቸው ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁ ከውጭ ሳይጠይቅ ይነሳል። የራሱ የውስጥ ምስክር ወረቀቶች በ365 ቀን ያልቃሉ፤ የሚታደሱት ደግሞ ኬ3ኤስ እንደገና ሲነሳ ነው። በሌላው ዓለም ዓመቱን ሙሉ ሳይጠፋ የሠራ ማሽን በዚህ ምክንያት ይቆማል፤ እኛ ዘንድ መብራቱ ይህን ችግር ሳንጠይቀው ፈትቶልናል።

ሦስት ማሽንና ኬ3ኤስ። አሁን እውነተኛ ክላስተር ሆነ። ኢቲሲዲ የሚባለው የክላስተሩ መዝገብ የሚሠራው በአብላጫ ድምፅ ነው፦ ከሦስት አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቀጥላሉ። ሁለት ማሽን ግን ወጥመድ ነው። የሁለት አብላጫ ሁለት ስለሆነ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ማስተዳደር ያቆማል፤ በሁለት ማሽን ገንዘብ የሚጥል ሰው ከአንድ ማሽን የባሰ ነገር ይገዛል። «ለጊዜው በሁለት እንጀምር» የሚል ፕሮፎርማ ከመጣላችሁ መልሱት።

በሦስት ማሽንም ቢሆን አንዱ በድንገት ሲሞት አገልግሎቱ በቅጽበት ወደ ሌላው ይዘላል ብላችሁ አትጠብቁ። ኩበርኔትስ ማሽኑ መጥፋቱን እስኪያረጋግጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ በመነሻ ቅንብሩ ሌላ 5 ደቂቃ ይታገሣል፤ ዲስኩ በአንድ ማሽን ብቻ የሚያዝ ዓይነት ከሆነ ከሞተው ማሽን እስኪላቀቅ ተጨማሪ ጊዜ አለ። አንዳንዴም ሰው ገብቶ የሞተውን ማሽን ከዝርዝሩ ማውጣት አለበት። ለፋይል ማጋሪያ ይህ ችግር አይደለም፤ «አይቋረጥም» ተብሎ መሸጡ ነው ችግሩ።

ዶከር ስዋርምና ማይክሮ ኬ8ኤስም አሉ። ስዋርም ቀላል ነው፤ ግን በዙሪያው የሚጻፈውም የሚሠራውም ነገር እየሳሳ ነው። ማይክሮ ኬ8ኤስ የኡቡንቱ አዘጋጅ የሆነው የካኖኒካል ነው፤ ከኬ3ኤስ ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ባለሙያችሁ የሚያውቀውን ይምረጥ።

## ፕሮግራሞቹ

ኔክስትክላውድ በ2016 እ.ኤ.አ. ኦውንክላውድ ከሚባለው የቆየ ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው። ከፋይል ሌላ የቀን መቁጠሪያ፣ የጋራ ሰነድ ጽሑፍና የቪዲዮ ስብሰባ ይዟል። ለኃላፊ ለማሳየት የሚያምረው ይህ ነው፤ እኔም ከሚሠራው ነገር ስፋት አንጻር ተወዳዳሪ አላገኘሁለትም። ዲስክ ላይ ፋይሉን በራሱ ስምና ፎልደር ስለሚያስቀምጥ በሦስተኛው መመዘኛ ጥሩ ውጤት አለው፦ ምሥጠራ ካልተከፈተ በስተቀር ፕሮግራሙ ባይኖርም ፎልደሩን ገልብጦ መሄድ ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን በተራ ዲስክ ላይ ሲሆን ነው። በኤስ3 ዓይነት ማከማቻ (ፋይልን በፎልደር ሳይሆን በመለያ የሚያስቀምጥ) ላይ ዋናውን ፋይል ካስቀመጣችሁ ስሞቹ ዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ይቀራሉ፤ ዳታቤዙ ከጠፋ በእጃችሁ የሚቀረው ቁጥር የተለጠፈበት ስም አልባ ፋይል ነው።

ክላስተር ላይ ሲወጣ ኔክስትክላውድ ያስቸግራል። ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ ፖስትግሬስ ወይም ማሪያዲቢ፤ ለፋይል መቆለፊያ ደግሞ ሬዲስ። ከአንድ በላይ ቅጂው በተለያዩ ማሽኖች ላይ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት የጋራ ዲስክ ያስፈልጋል። ስሪት ሲሻሻል ዋና ዋና ስሪቶችን መዝለል አይቻልም፤ በየተራ አንድ በአንድ ነው። እዚህ ላይ ከመብራታችን ጋር የሚገጣጠም ወጥመድ አለ። ውቅሩ ላይ የተወሰነ የስሪት ቁጥር በመጻፍ ፋንታ «የመጨረሻውን አምጣ» ተብሎ ከተተወ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮንቴይነሩ ማንም ሳያዝ አዲስ ስሪት አውርዶ ማሻሻል ሊጀምር ይችላል፤ ሁለት ስሪት ከዘለለ ደግሞ አልነሳም ይላል። ኩበርኔትስም ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩን በየጥቂት ሴኮንዱ ስለሚጠይቅ፣ ማሻሻያው ረዝሞ መልስ ሲዘገይ ሞቷል ብሎ መሐል ላይ ያጠፋዋል። የስሪት ቁጥር ጻፉ፤ ለመነሻው በቂ ጊዜ የሚሰጠውንም ቅንብር ክፈቱ።

በቀጭን መስመር ላይ ደካማ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ትልቅ ፋይልን ከፋፍሎ ቢልክም፣ ትንሽ ነገር ሲለወጥ ሙሉውን ፋይል እንደገና ነው የሚልከው።

ሲፋይል በአንድ ነገር ብቻ ጎበዝ ነው፦ ፋይል ማመሳሰል። ፋይሉን ወደ ትናንሽ ብሎኮች ይቆርጥና የተለወጡትን ብቻ ይልካል። የመሬት ቅየሳ ጥሬ መረጃ፣ ትልልቅ የሒሳብ ዳታቤዝ ወይም የፎቶ ክምችት ያለው ቅርንጫፍ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች ግን በተፈጥሯቸው የተጨመቁ ስለሆኑ ትንሽ እርማት ብዙውን ክፍላቸውን ይቀይረዋል፤ እነርሱ ላይ ትርፉ አነስተኛ ነው። ደግነቱ እነርሱ ትናንሽ ናቸው።

የሚከፈልበት ዋጋ ሦስተኛው መመዘኛ ላይ ነው። ዲስኩን ብትከፍቱ የምታዩት ብሎክ እንጂ ፋይል አይደለም። ሆኖም ዳታቤዙ ቢጠፋም እንኳ ፋይሎቹን ከብሎኮቹ መልሶ የሚያወጣ የራሱ የመፈተሻ መሣሪያ አለው፤ በይለፍ ቃል የተመሠጠረ ክምችት ግን በዚህ አይወጣም። የተሰረዙ ፋይሎች ቦታ በራሱ አይለቀቅም፤ የማጽጃው ትእዛዝ መሮጥ አለበት፣ ነፃው እትም ላይ ደግሞ በዚያ ጊዜ አገልግሎቱ መቆም አለበት። በብዙ ማሽኖች ላይ ጎን ለጎን የሚሠራው የሚከፈልበት እትም ብቻ ነው። ነፃውን ኬ3ኤስ ላይ መትከል ይቻላል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ይሁን እንጂ።

ኦውንክላውድ ኢንፊኒት ስኬል የድሮው ኦውንክላውድ «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ የተጻፈበት ነው። የውጭ ዳታቤዝ አይፈልግም፣ በአንድ ኮንቴይነር ይነሳል፣ ቀላል ነው፤ ከመሠረቱ ለክላስተር ስለታሰበም ከሦስቱ ለኩበርኔትስ ይበልጥ የሚስማማው እርሱ ነው። ችግሩ ከፕሮግራሙ ውጭ ነው። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ካይትወርክስ ተገዛ፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከዚያው ኮድ ኦፕንክላውድ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ተገንጥሎ ወጣ። ለ5 ዓመት የሚያስብ መሥሪያ ቤት የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚጸና ቢጠብቅ አይጎዳም። በዲስኩ ላይም ፋይሉን በራሱ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር የማስቀመጥ ልማድ አለው።

ሲንክቲንግ ሰርቨር የሌለው፣ ኮምፒውተሮችን በቀጥታ የሚያመሳስል ነው። አራትና አምስት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ክላስተሩንም ሰርቨሩንም ትቶ ይህን መጫን ይበቃዋል፤ ለውጭ ሰው በሊንክ ማጋራት ግን አይችልም።

| መመዘኛ | ኔክስትክላውድ | ሲፋይል | ኦውንክላውድ ኢንፊኒት ስኬል |
|---|---|---|---|
| ከመብራት መቋረጥ በኋላ መነሳት | መካከለኛ፤ ዳታቤዝና ሬዲስ ቀድመው መነሳት አለባቸው | መካከለኛ፤ ዳታቤዝ ይጠብቃል | ጥሩ፤ የሚጠብቀው ጥቂት ነው |
| ቀጭን መስመር | ደካማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ፋይልን ያለ ፕሮግራሙ ማውጣት | በተራ ዲስክ ቀላል፣ በኤስ3 አይቻልም ማለት ይቻላል | በመፈተሻ መሣሪያው | ከባድ |
| በብዙ ማሽን ጎን ለጎን መሥራት | ይቻላል፤ የጋራ ዲስክ ይጠይቃል | በሚከፈልበት እትም ብቻ | ለዚህ የተሠራ |
| ከፋይል ሌላ የሚሰጠው | ብዙ | ጥቂት | ጥቂት |
| አዲስ ባለሙያ ለመረዳት | ብዙ ጽሑፍ አለ፣ ብዙ ክፍልም አለው | ቀላል | ቀላል፤ የሚነበብ ጽሑፍ ግን ያንሳል |

## ለማን የትኛው

ከ30 ሰው በታች ያለበት ቢሮ፣ የግል የምሕንድስና አማካሪ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር፦ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና ሁለት ተመሳሳይ ዲስክ ያለው አንድ ማሽን፣ ዶከር ኮምፖዝ፣ ለመጠባበቂያ አንድ የውጭ ዲስክ። ፕሮግራሙ ሥራችሁ ደብዳቤና ሪፖርት ከሆነ ኔክስትክላውድ፣ ትልልቅ ፋይል ከሆነ ሲፋይል። ክላስተር የሚለውን ቃል ከጨረታ ሰነዱ አውጡት፤ የሚተርፈው ገንዘብ ለጥሩ ዩፒኤስ ይዋል።

ኮሌጅ፣ ሆስፒታል ወይም የዞን መምሪያ ሲሆን፣ ሁለት ቋሚ ባለሙያ ካለ፣ በአንድ ማሽን ኬ3ኤስ ጀምሩ። ፋይሉ በራሱ ዲስክ፣ ዳታቤዙ በፖስትግሬስ፣ ኔክስትክላውድ በአንድ ቅጂ። አንድ የበጀት ዓመት ይሥራ። ሰኔ 30 ላይ ሁሉም ክፍል ሪፖርቱን በአንድ ቀን ሲጭን እንዴት እንደሚሆን ታያላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ማሽን ያስፈልግ እንደሆነ ቁጥር ይዛችሁ ትከራከራላችሁ። የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የምትይዙ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃውን በያዘው ተቋም ላይ ኃላፊነት ስለሚጥል፣ ማን ምን እንደከፈተ የሚመዘግበው ክፍል ከመጀመሪያው ቀን ይሥራ።

በብዙ ወረዳዎች ቅርንጫፍ ላለው ዩኒየን ወይም የብድር ተቋም ሲፋይልን አስቀድማለሁ፤ ዋናው ጠላታቸው መስመሩ ነውና። ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን ይቀመጥ፤ ቅርንጫፎቹ ዋየርጋርድ በሚባለው የተመሠጠረ የግል መስመር (ቪፒኤን) ይግቡ። በሞባይል ኢንተርኔት የአደባባይ አድራሻ ብዙ ጊዜ ለብዙ ደንበኞች በጋራ ስለሚሰጥ ከውጭ ወደ ሰርቨሩ መግባት አይቻልም፤ ለዋናው ቢሮ ቋሚ አድራሻ ያለው መስመር በውሉ ይጠየቅ። ሦስት ማሽን ክላስተርን በሙሉ ልቤ የምመክረው ለእነዚህ ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ዩፒኤስ፣ ባለጊጋቢት ስዊችና ለስዊቹ የራሱ ዩፒኤስ ካለ። ማሽኖቹ በዩፒኤስ ቆመው ስዊቹ ሲጠፋ ክላስተሩ እርስ በርስ አይተያይም፤ ስዊቹ ደግሞ በግዥ ዝርዝር ሁልጊዜ የሚረሳው ዕቃ ነው።

## ከመፈረም በፊት

አቅራቢው ሲያስረክብ በቦታው የሚደረጉ ፈተናዎችን በውሉ ውስጥ አስገቡ። ዋናውን የመብራት መስመር ንቀሉ፣ ዩፒኤሱ ማሽኖቹን በሥርዓት እንዲያጠፋ ጠብቁ፣ መልሱ፤ ማንም ሳይነካው መነሳቱን ተመልከቱ። ይህ እንዲሆን ዩፒኤሱ ከማሽኑ ጋር በመረጃ ገመድ መገናኘት አለበት። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላችሁ ያንኑ ድገሙ። 500 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፋይል ጫኑ፤ አንዳንድ የክላስተር መግቢያዎች በመነሻ ቅንብራቸው ከ1 ሜጋባይት በላይ ስለማያስገቡ ችግሩ ያኔውኑ ይወጣል። ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ሰነድና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ በብራውዘር ክፈቱ። በመጨረሻም አቅራቢው መጠባበቂያውን በባዶ ማሽን ላይ መልሶ እንዲያሳይ አድርጉ፤ ይህን ሳያሳይ የመጨረሻውን ክፍያ የሚጠይቅ አቅራቢ ሥራውን አልጨረሰም።

የቦታው አየር ጠባይም በዝርዝሩ ይግባ። ሸዋ ሮቢት ላይ ማሽኑ ማቀዝቀዣ ወይም ጥሩ የአየር መውጫ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ ይረዳል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን ማራገቢያው ከብርዱ የምትጠብቁትን ያህል አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ አትዝጉበት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የብዙ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ጣሪያ በአምራቾቹ 3,048 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ በመንዝ ከፍታ ላይ ለሚተከል ማሽን በግዥ ጥያቄው ላይ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ብላችሁ ጻፉ።